ዊድቢ ደሴት ላይ የጫካና የባሕር ዳር የእግር ጉዞ፦ ቀኑን ከመምረጥ እስከ መመለሻው ፌሪ

ከሲያትል በስተ ሰሜን የሚገኘው ዊድቢ ደሴት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚዘለቅ ነው፤ ጫካም፣ ገደልም፣ ሰፊ የባሕር ዳርቻም አለው። በዋሽንግተን ስቴት ለሚኖሩ ሐበሻ ቤተሰቦችም ሆነ ለጉብኝት ለሚመጡ እንግዶች ከዚህ የሚመች ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ዳገቱ አያስፈራም፤ የደሴቱ ከፍተኛ ቦታ 148 ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ሰው የሚቸገረው በባሕሩ ነው። ጠዋት እንደ ልብ የተሄደበት ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ነው። ፌሪውም፣ ምሳውም፣ የመነሻ ሰዓቱም ከዚያ በኋላ ይወሰናሉ።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ባሕሩ በዚህ አካባቢ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ግን ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም። አንደኛው ዳርቻውን አራቁቶት ይሄዳል፣ ሌላኛው ትንሽ ሸሸት ብሎ ይመለሳል። በሰመር ትልቁ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀትር ይሆናል፤ በዊንተር ወደ ሌሊት ይዞራል። ከሜይ እስከ ኦገስት ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ለቤተሰብ የሚመቹትም ለዚህ ነው።

1. ኖኣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም የሚያወጣውን የታይድ (የሙላትና ጉድለት) ሰንጠረዥ በስልካችሁ ክፈቱ። ለደሴቱ መካከለኛ ምዕራብ ዳርቻ ፖርት ታውንሰንድ የሚለውን ጣቢያ ምረጡ። የሲያትልን ሰንጠረዥ ብትጠቀሙ ሰዓቱም ከፍታውም ይዛባባችኋል።

2. ሰዓቱ ከበጋ ሰዓት ማስተካከያው ጋር መቀመጡን አረጋግጡ። ማስተካከያው ከጠፋ ሰንጠረዡ በሙሉ አንድ ሰዓት ይስታል፤ አንድ ሰዓት ደግሞ ዳርቻው ላይ ብዙ ነው።

3. ከፍታው የሚጻፈው ፊት በተባለው መለኪያ ነው፤ 1 ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዜሮ ማለት ባሕሩ ደረቀ ማለት አይደለም፤ የየቀኑ ዝቅተኛ ጉድለት አማካይ ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ውኃው ከዚያም በታች ይወርዳል ማለት ነው፤ ለዳርቻ ጉዞ ምርጡ ቀን ያ ነው። ወደ 7 ፊትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ዳርቻው ይጠባል፣ የሚረገጠውም ልቅ ድንጋይና ግንድ ብቻ ይሆናል።

4. ዳርቻው ላይ የምትሆኑበትን ጊዜ ከጉድለቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ጀምራችሁ ከጉድለቱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ጨርሱ። ውኃው በፍጥነት የሚሞላው በመካከለኛዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ «ገና ነው» ብሎ የተቀመጠ ቡድን ሲነሣ መንገዱ ጠቦ ያገኘዋል።

ለምሳሌ ከታች በምንገልጸው ዋናው ጉዞ፣ በኤቢስ ላንዲንግ ዳርቻ፣ ሰንጠረዡ ጠዋት 5:10 ላይ 8.6 ፊት፣ ቀን 12:20 ላይ ከዜሮ በታች 1.2 ፊት፣ ማታ 7:40 ላይ 8.9 ፊት ቢያሳይ፣ ከገደሉ አናት ወርዳችሁ ዳርቻውን የምትረግጡት 11:20 ገደማ ይሁን። ከገደሉ በላይ ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ መነሻችሁ 10:15 ነው ማለት ነው። እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ቡድኑ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር የሚያወሩ ሽማግሌዎች ካሉ የቀጠሮውን ሰዓት በሁለቱም ንገሯቸው።

ስለ አየሩ፦ የኦሊምፒክ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚይዙት የደሴቱ መካከለኛ ክፍል ከሲያትል በጣም ይደርቃል። በገደሉ አፋፍ ላይ ቁልቋል መሰል ተክል እስከ መብቀል ይደርሳል። ሲያትል ሲዘንብ «ጉዞው ቀረ» ከማለታችሁ በፊት በደሴቱ መካከል ያለችውን የኩፕቪል ከተማን ትንበያ እዩ። ነፋሱ ግን ሌላ ነው። በጠራ ቀንም ገደሉ አናት ላይ ሳያቋርጥ ይነፍሳል።

መድረስ

ከሲያትል የፌሪው መነሻ እስከሆነችው ሙኪልቲዮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ፌሪው በ20 ደቂቃ ያህል ደሴቱ ላይ ወዳለችው ክሊንተን ያደርሳል። ተሳፋሪ የሚከፍለው ሲኬድ ብቻ ነው፤ መኪናና ሹፌር ግን ከክሊንተን ሲመለሱም ይከፈልባቸዋል። ዕድሜያቸው እስከ 18 የሆኑ ልጆች በነፃ ይሳፈራሉ። ዋጋው በመኪናው ርዝመት ይለያያል፤ ሹፌሩ ከመኪናው ጋር ይቆጠራል፣ ሌሎች ተሳፋሪዎች ለየብቻ ይከፍላሉ። ሁለት መኪና ከመያዝ በአንዱ ተጨናንቆ መሄድ ይሻላል፤ መድረሻው ላይ ያለው ማቆሚያም ጠባብ ነው።

በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ከመርከቡ ጣቢያ አልፎ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣል። የሰልፉን ጅራት ፈልጋችሁ ከኋላ ቁሙ። ሰልፍ ቆርጦ የገባ መኪና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይቀጣልም። ከ8 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አትጠብቁም።

መኪና የሌለው ሰው በእግሩ ተሳፍሮ ክሊንተን ላይ የደሴቱን አውቶቡስ መያዝ ይችላል። አውቶቡሱ ነፃ ነው። የቅዳሜና የእሑድ ፕሮግራሙ ከሥራ ቀናት የሳሳ ስለሆነ የመጨረሻውን የመመለሻ ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ጻፉ።

በስቴት ፓርኮቹ መኪና ለማቆም ዲስከቨር ፓስ ያስፈልጋል። የአንድ ቀኑ 10 ዶላር ነው፤ በኦንላይን ወይም በሱቅ ሲገዛ ትንሽ ይጨመርበታል። በዓመት ውስጥ ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ የዓመቱ ያዋጣል። ከቤት ገዝታችሁ አትማችሁ ኑ። ከመስተዋቱ ፊት ለፊት ካልታየ ቅጣቱ ከዓመቱ ፓስ ይበልጣል።

የሚያዝ ነገር

ጫማው ከሁሉ ይቀድማል። የምዕራቡ ዳርቻ አሸዋ ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው የእንቁላልና የዳቦ ያህል ክብ ድንጋይ ነው፣ ሲረገጥ ይንከባለላል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ልበሱ። ሰንደልና የቤተ ክርስቲያን ጫማ እዚያ አይሆንም። እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ የሚሄዱ ሰዎች መቀየሪያ ጫማቸውን መኪና ውስጥ ይያዙ።

ልብስ በንብርብር ይሁን፦ ከውስጥ ላብ የማይዝ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። ጥጥ ከረጠበ ያበርዳል። ለሦስት ሰዓት ጉዞ ለአንድ አዋቂ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ይበቃል። ኤቢስ ላንዲንግ ላይ የሚጠጣ ውኃ ስለሌለ ኩፕቪል ከተማ ላይ ሙሉ።

ምግቡ የኛው ይበልጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ለጾም ቀንም ይሆናል። በሶ በትንሽ ኮዳ ዱቄቱን ብቻ ይዞ ሲያርፉ በውኃ መበጥበጥ ነው። ወጥ ያለበት ምግብ መኪናው ውስጥ ይቆይና ሲመለሱ ይበላ፤ የነፋሱ አሸዋ እንጀራውን አያስበላም። ቆሻሻ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፣ የብርቱካን ልጣጭም ጭምር።

ካርታውን ከቤት ስልካችሁ ላይ አውርዱ። በምዕራቡ ዳርቻ ምልክቱ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ አንዳንዴም ስልኩ የካናዳን ኔትወርክ ይይዝና ሂሳብ ይጨምራል። ሮሚንግን አጥፉት።

ዋናው ጉዞ፦ ኤቢስ ላንዲንግ

አንድ ጉዞ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ሂዱ። አካባቢው በ1978 በአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ የታሪክ ክልል ሆኖ የተከለለ ነው፤ እርሻው እየታረሰ፣ ገበሬው እየኖረበት ነው የተጠበቀው። ዙሩ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡለት። ገደሉን አስቀድሞ፣ ዳርቻውን አስከትሎ መሄድ ይሻላል። ዳገቱ በትኩስ ጉልበት ያልቃል፣ ዳርቻውንም ከመግባታችሁ በፊት ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

1. ከክሊንተን በ525፣ ቀጥሎ በ20 ቁጥር መንገድ ወደ ኩፕቪል ንዱ፤ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ኩፕቪል ስትደርሱ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ እስከ ባሕሩ ውረዱ። ማቆሚያው ትንሽ ነው፣ በጥሩ ቀን ረፋዱ ላይ ይሞላል። ከሞላ ሰኒሳይድ መቃብር አጠገብ ካለው መነሻ ጀምሩ፤ እዚያ ፓስ አይጠየቅም፣ ግን ዙሩ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በአውቶቡስ ለመጣ ሰውም ይኸኛው ነው የሚቀርበው።

2. ከማቆሚያው በሰሜን በኩል ያለውን ደረጃ ይዛችሁ ውጡ። ባሕሩ በግራ፣ እርሻው በቀኝ ይሆናል። እርሻው የሰው ሀብት ነው፣ አትግቡበት።

3. መንገዱ እየጠበበ ወደ 70 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከዚህ ላይ ልጆችን በእጅ መያዝ ግዴታ ነው። የገደሉ አፋፍ ሣር ለብሶ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ልቅ አሸዋ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከታች ተቦርቡሮ ሣሩ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፎቶ ለመነሳት ከመንገዱ ሁለት እርምጃ እንኳ ወደ ባሕሩ አትውጡ። ውሻ በገመድ ይታሰር።

4. በቀኝ የሚመጣ መንገድ ይገናኛችኋል፤ እሱ ከመቃብሩ ወገን ያለው ነው። ዝም ብላችሁ በገደሉ ጠርዝ ቀጥሉ። ከታች ፔሬጎስ የተባለው ረጅም ኩሬ ይታያል፤ ከባሕሩ የሚለየው ቀጭን የጠጠር ግድብ ነው። ቀኑ ከጠራ ከባሕሩ ማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች በረዷቸውን ለብሰው ይቆማሉ።

5. መንገዱ በጥምዝምዝ ወደ ኩሬው ሰሜናዊ ጫፍ ይወርዳል። በደረቅ ጊዜ ጠጠሩ ያንሸራትታል፤ ተረከዝን ቀድሞ፣ እርምጃን አሳጥሮ መውረድ ነው።

6. ከታች ስትደርሱ ቆም በሉና ወሰኑ። ሞገዱ ባሕር የጣላቸውን ግንዶች የሚነካ ከሆነ ወይም እርጥቡ መስመር ከግንዶቹ ሥር ከደረሰ አትቀጥሉ፤ በመጣችሁበት ተመለሱ። ከዚህ እስከ ማቆሚያው ድረስ ገደሉን የሚያስወጣ ሌላ መንገድ የለም።

7. ዳርቻው ሰፊ ከሆነ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ባሕሩን በቀኝ አድርጉ። ውኃው በቅርብ ጊዜ ጥሎት የሄደው ጠጠር ደቃቅና የጠነከረ ስለሆነ እሱን ተከተሉ፤ ወደ ላይ ያለው ትልልቁ ድንጋይ ጉልበት ይጨርሳል። ኩሬው የወፎች መኖሪያ ነውና ወደዚያ አትውረዱ።

በዚህ መንገድ ላይ ድንገት ሰማዩ ቢያስተጋባ አትደንግጡ። በደሴቱ ላይ የባሕር ኃይል አየር ጣቢያ አለ፣ ግራውለር የተባሉት ጄቶቹም ኩፕቪል አጠገብ ባለው ማኮብኮቢያ ይለማመዳሉ። ድምፁ ለሕፃን ጆሮ ከባድ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ የጆሮ መሸፈኛ ያዙ።

ሰሜኑ፦ ዲሴፕሽን ፓስ

በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዲሴፕሽን ፓስ በተባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ያለው ድልድይ በ1935 የተከፈተ ነው፤ ከውኃው በላይ 55 ሜትር ያህል ይርቃል። በድልድዩ ላይ በእግር ማለፍ ይቻላል፣ ግን የእግረኛው መስመር ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ከባድ መኪና ሲያልፍም ይንቀጠቀጣል። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ከድልድዩ በታች ባለው መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከድልድዩ ደቡብ ማቆሚያ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ጉስ ሮክን መዞርና አናቱ ላይ መውጣት ነው፤ የደሴቱ ከፍተኛ ቦታ ያ ነው። በዳርና ዳር የሚዞረውን መንገድ አስቀድሙና በመጨረሻ ወደ አናቱ ውጡ፤ በሰሜን በኩል ያለው አቋራጭ አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ሲወርዱት ጉልበት ያሳምማል። አናቱ ላይ ዓለቱን የሸፈነው ሽበት የመሰለ ደቃቅ ተክል አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል፤ ባዶ ዓለቱን ብቻ ርገጡ። ሁለተኛው በረጃጅም የዳግላስ ፈርና የሴዳር ዛፎች መካከል ኖርዝ ቢች ወደተባለው የባሕር ዳርቻ መውረድ ነው። የጫካው ሥሮች መንገዱን አቋርጠው ይወጣሉ፣ ሲረጥቡ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ሥሩን ከመርገጥ ማለፍ ነው፤ መርገጥ ካለባችሁ እግራችሁን በሙሉ አሳርፉ።

መስቀለኛ መንገዱ ብዙ ስለሆነ ከመነሻው ሰሌዳ ላይ ካርታውን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ከድልድዩ ሥር ያለው ውኃ ወንዝ ይመስላል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በጠባቡ መተላለፊያ ተጭኖ ያልፋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከኖርዝ ቢች ላይ በጉልበት ልክ እንኳ አትግቡ። ውኃው ዓመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ዋና የሚችልም በደቂቃዎች ውስጥ እጅ እግሩ አይታዘዘውም። መዋኘት የሚፈልጉ ልጆች ካሉ እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ክራንቤሪ ሐይቅ ይሻላል።

ጫካ ብቻ ለሚፈልግ፣ አሸዋ ብቻ ለሚፈልግ

ሳውዝ ዊድቢ ስቴት ፓርክ ውስጥ ያለው የዊልበርት መንገድ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙር ነው። ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ሴዳር አለበት። ከዝናብ በኋላ ይጨቀያል። ጥላ ሙሉ ስለሆነ ለሞቃት ቀን የተመረጠ ነው፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ግን ሳማ በቅሏል፣ ከአገር ቤቱ አይተናነስምና ሕፃናትን ረጅም ሱሪ አልብሱ። ነፋስ በበረታበት ቀን የደረቁ ቅርንጫፎች ስለሚወድቁ ይህን ጫካ ተዉት።

ለአረጋውያንና ለትንንሽ ልጆች ደብል ብላፍ ይመቻል። ከማቆሚያው በቀጥታ ደልዳላ ዳርቻ ላይ ነው የሚገባው። ውኃው ሲጎድል አሸዋው እስከ ሩቅ ይገለጣል። ውሾች ያለ ገመድ የሚለቀቁበት ክፍል ስላለው ውሻ የሚፈራ ሰው አስቀድሞ ይወቅ። በዋሽንግተን ብዙው የባሕር ዳርቻ የግል ይዞታ ስለሆነ የመከልከያ ሰሌዳ ስታዩ ተመለሱ።

የሚበላሸው ነገርና ምክንያቱ

ናዳ። የደሴቱ ገደሎች የጥንት በረዶ ጥሎት የሄደ አሸዋና ጠጠር ናቸው፣ ከሥራቸው ሸክላ አለ። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ ሸክላው ላይ ይቆማል፣ ወደ ጎን ይፈስሳል፣ ከላይ ያለው ይንሸራተታል። በማርች 2013 ከኩፕቪል በስተ ደቡብ ሌጅዉድ በተባለው ሰፈር ትልቅ ናዳ መንገድና ቤት ይዞ ወርዷል። ከገደሉ ላይ አሸዋ ፈስስ ፈስስ ሲል፣ ዛፎች ወደ ባሕሩ ሲያዘነብሉ፣ ትኩስ እርጥብ ጭቃ ሲታይ ወደ ውኃው ጠጋ ብላችሁ ቶሎ እለፉ። ለቀናት ከዘነበ በኋላ ከገደል ሥር አትሂዱ። ምሳ ሁልጊዜ ከገደሉ ራቅ ብሎ ይበላ።

ግንዶች። ባሕር የጣላቸው ግንዶች መቀመጫ ይመስላሉ፣ ግን ብዙ ኩንታል ይመዝናሉ፣ ትንሽ ውኃ ከሥራቸው ሲገባ ይንሳፈፋሉ፣ ይንከባለላሉ። ሞገድ በሚደርስበት ግንድ ላይ ልጅ አይውጣ።

ጨለማ። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ 4:20 ገደማ ትጠልቃለች። ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ 2 ሰዓት ላይ የሚደርስ ቡድን ኤቢስ ላንዲንግን ለመዞር ዘግይቷል፤ ደብል ብላፍን ወይም አጭሩን የጫካ መንገድ ይምረጥ። የእጅ ባትሪ በሰመርም ይያዝ።

ዛጎል መልቀም። ጉድለት ሲሆን ሰው ለምግብ የሚሆኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን ሲሰበስብ ታያላችሁ። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በላይ አንዳንድ ጊዜ ውኃው ውስጥ በሚራባ ደቃቅ ሕይወት የተነሣ ዛጎሉ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ይይዛል፣ መቀቀልም አያጠፋውም። የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የክልከላ ካርታ ሳያዩ አንድም አትብሉ።

አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ ጫማውን አታውልቁ፤ ያበጠ እግር ተመልሶ አይገባም። ማሰሪያውን አጥብቁና ባሕሩ ሳይሞላ ወደ ቅርቡ መውጫ ውሰዱት። መራመድ ካልቻለ 911 ደውሉ፣ የት እንዳላችሁ ከካርታው ላይ አንብባችሁ ንገሩ።

መመለስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ክሊንተን ላይ ያለው ሰልፍ በሰመር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ከኩፕቪል ከመነሳታችሁ በፊት በፌሪው መተግበሪያ የሚጠበቀውን ጊዜ እዩ። ከአንድ ሰዓት ከበለጠ ወደ ሰሜን ንዱና በዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ፣ ቀጥሎ በበርሊንግተን በኩል በአይ 5 ውረዱ፤ እስከ ሲያትል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዲሴፕሽን ፓስን ለመጨረሻ ያቆየ ቡድን ይህን መንገድ አስቀድሞ ቢያቅድ ሰልፉን ጨርሶ አያየውም፤ የስቴት ፓርኮቹ ግን ሲመሽ ስለሚዘጉ መኪናውን ከዚያ በፊት ማውጣት ያስፈልጋል።